ከበሮና መምህሩ፤ የምት ትምህርት ከአቋቋም ቤት እስከ ኮሌጅ

ከበሮ መምታት ትምህርት ነው ቢባል ብዙ ሰው ፈገግ ይላል። በሠርግ ቤት ከበሮ ያልነካ እጅ፣ በጥምቀት ሜዳ ምት ያልቈጠረ እግር በሀገራችን እምብዛም አይገኝምና፣ ከበሮ እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ ሰው ሳይማረው የሚያውቀው ነገር ተደርጎ ይታያል። የኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው። ንባብን ጨርሶ፣ ዜማን አጥንቶ፣ ድጓን የተማረ ደቀ መዝሙር፣ ከበሮን ከጸናጽልና ከመቋሚያ ጋር አስተባብሮ ለመያዝ እንደገና ዓመታት የሚደክምበት አቋቋም የሚባል ትምህርት አለ። ይህም በዛሬው አነጋገር በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ፣ መምህርና ተማሪ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚቀባበሉት የምት መሣሪያዎች ትምህርት ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ትምህርት በምን ሥርዓት እንደኖረ፣ በምን ምክንያት እንደተናጋ፣ ዘመናዊው የሙዚቃ ኮሌጅም ከእርሱ በምን እንደሚመሳሰልና በምን እንደሚለይ ማሳየት ነው። መነሻው ሰሜን ወሎ፣ በተለይም ወልድያ፣ መርሳና ሐብሩ ነው። አካባቢው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ወልድያ በደቡብ በመርሳ በኩል ከደሴ፣ በሰሜን በቆቦ በኩል ከመቀሌ፣ በምዕራብ ደግሞ በጋይንትና በደብረ ታቦር በኩል ከወረታ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። የሐብሩ ወረዳ በደቡብ የሚዋሰነው አምባሰል ከአራቱ ታዋቂ ቅኝቶች ለአንዱ ስሙን ሰጥቷል። በዚህ ምድር የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ፣ የመንዙማው ድቤና የሠርጉ ከበሮ በአንድ ገበያ ቀን መንገድ ውስጥ ይሰማሉ።

መሣሪያው

የቤተ ክርስቲያን ከበሮ አሠራር ቀላል ይመስላል። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ፣ አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው አፉ ጠባብ የሆነ እንጨት በሁለቱም በኩል በቆዳ ይለበጣል። ሁለቱ ቆዳዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ በተወጠረ ጠፍር እርስ በርሳቸው ይተሳሰራሉ። ሊቃውንቱ ይህን ሁሉ ያመሠጥሩታል፤ ጠፍሩን በክርስቶስ ሥጋ ላይ ባረፈው የግርፋት ሰንበር፣ ከበሮው የሚለብሰውን ጨርቅ ደግሞ በመዘባበት ባለበሱት ልብስ ይመስሉታል።

ነገሩን በምሕንድስና ዐይን ለሚያይ ሰውም ከበሮው ብዙ የሚናገረው አለው። የተወጠረ ክብ ሽፋን የሚሰጠው ድምፅ በሽፋኑ ስፋት፣ በክብደቱና በውጥረቱ ይወሰናል። ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ሆኖ የአንዱ አፍ ስፋት የሌላው እጥፍ ቢሆን፣ የሰፊው አፍ የንዝረት ብዛት በግማሽ ያንሳል፤ ድምፁም ወፍራም ይሆናል። ውጥረት ግን እንዲህ በቀላሉ አይታዘዝም። ንዝረቱን እጥፍ ለማድረግ ውጥረቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። በመሆኑም ከበሮ ሠሪው ወፍራምና ቀጭን ድምፅ ለማግኘት በጠፍሩ ኀይል ብቻ ሳይታገል የእንጨቱን ቅርጽ ሾጣጣ ማድረጉ ትክክለኛ መፍትሔ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የክራር ጅማት ሲመታ ከዋናው ድምፅ በላይ የሚሰሙት ንዝረቶች የዋናው ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ እያሉ በሙሉ ቍጥር ይሄዳሉ። የክብ ሽፋን ንዝረቶች ግን ወደ 1.59 እና 2.14 እጥፍ እየሆኑ በሙሉ ቍጥር አይገጥሙም። ከነዚህ የትኛው ጎልቶ እንደሚሰማ የሚወስነው እጁ የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ መኻሉን የመታና ጠርዙን የመታ ሰው ከአንድ ቆዳ ሁለት ድምፅ ያወጣሉ። ቆዳው በክረምት እርጥበት ይላላል፤ በፀሐይ ሲሰጣ ይጠብቃል። የትናንቱ ምት በዛሬው ቆዳ ላይ ያንኑ ድምፅ ስለማይሰጥ፣ መቺው በየዕለቱ በጆሮው እየመዘነ እጁን ማስተካከል ይኖርበታል። ከበሮን ከመጽሐፍ ብቻ መማር የማይቻልበት የመጀመሪያው ምክንያት ይኸው ነው።

የአቋቋም ቤት ሥርዓት

የቤተ ክርስቲያን ዜማ ምንጩ በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረው ቅዱስ ያሬድ ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች በእርሱ ስም ይጠራሉ። የዜማው ምልክት ሥርዓት የያዘው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ሥራው የአዛዥ ጌራና የአዛዥ ራጉኤል እንደሆነ ይታወቃል። ይህ ምልክት በቃላቱ ላይ እየተጻፈ ድምፅ የሚወጣበትን፣ የሚወርድበትን፣ የሚረግጥበትንና የሚቀነቀንበትን ያሳስባል። የተሠራው ግን ለጕረሮ እንጂ ለእጅ አይደለም። የከበሮው ምት ዋና መዝገብ የመምህሩ እጅና የተማሪው ትዝታ ሆኖ ቀረ።

የአቋቋም ተማሪ አንዱን ቃለ ዜማ በየደረጃው ይማራል። በመጀመሪያ ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ ይቆማል፤ ይህም ቁም ዜማ ይባላል። ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘምመዋል። ከዚያ በኋላ ከበሮና ጸናጽል ገብተው መረግድ ይሆናል፤ ምቱም ዝግ ያለና የተከበረ ነው። ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲታለፍ ምቱ ይፈጥናል፤ ጭብጨባም ይታከላል። ወረቡም የራሱ አካሄድ አለው። በማኅሌት ቀን ሁለት ረድፍ ሆነው ፊት ለፊት በቆሙት መዘምራን መኻል፣ መጀመሪያ መሬት ላይ ሆኖ በዝግታ የሚመታው ከበሮ በኋላ በአንገት ተንጠልጥሎ ከመቺው ጋር ሲወዛወዝ የሚታየው ይህ ሥርዓት ነው። በየዓመቱ በላሊበላ የልደት ማኅሌት የሚመጣ ሰው ቤዛ ኵሉ በሚባለው ሥርዓት ላይ ሊያየው ይችላል።

ትምህርቱ የሚሰጠው በተናጠል ወይም በጥቂት ሰዎች ስብስብ ነው። ተማሪው ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይቀበላል፤ የተቀበለውን ወደ ጎጆው ወስዶ ይመላልሰዋል፤ ተመልሶም ያሰማል። ስሕተት ከተገኘበት ወደ ፊት አይሄድም። አንዱ ፈጥኖ ሌላው ዘግይቶ ይጨርሳል እንጂ ሁሉም በአንድ ቀን የሚያልፉበት ፈተና የለም። መጨረሻው ማስመስከር ነው፤ መምህሩ «ይህ ሰው ያውቃል» ብሎ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ከበሮ በሌለበት ሰዓትም ጭብጨባ የማኅሌቱ አንድ ክፍል ስለ ሆነ ምቱ በባዶ እጅ ሊቈጠር ይችላል።

ይህ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ትምህርት አዲስ ነገር የማይቀበል ደረቅ ሥርዓት እንዳይመስል፣ የአለቃ ገብረ ሐናን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። አለቃ በሕዝብ ዘንድ የሚታወቁት በቀልዳቸው ነው፤ በሊቃውንቱ ዘንድ ግን የአቋቋም ሊቅ ናቸው። እንደሚነገረው አለቃ በጣና ዳር የውኃውን ማዕበልና የሸምበቆውን መወዛወዝ አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ። የጎንደር ሊቃውንት ስልቱን ሳይቀበሉት ቀሩ። አለቃም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም በደብረ ታቦር አስፋፋው። ዛሬ የተክሌ አቋቋም የሚባለው ይኸው ነው። ጉባኤ ያልተቀበለውን ሥራ አንድ መምህርና አንድ ተማሪ አዳኑት ማለት ነው።

ተማሪውን ያኖረው ጎታ

የሐብሩ ወይም የወልድያ ልጅ ይህን ትምህርት ፈልጎ ሲነሣ በአብዛኛው ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞራል። ከቆላው ወደ ደጋው ወጥቶ፣ ለቅኔ ወደ ዋድላ፣ ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙራምባ፣ ለአቋቋም ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጎንደር ይሄድ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በቻይና ርዳታ የተሠራው፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የወልድያ–ወረታ መንገድ ይህንኑ የተማሪ መንገድ በብዙ ቦታ የተከተለ ይመስላል። መሐንዲሶቹ ያሰሉት ለጭነት መኪና ቢሆንም፣ በጋይንትና በደብረ ታቦር በኩል ያለውን ተራራ ከመኪናው አስቀድሞ አኵፋዳ ያነገተ ተማሪ ያውቀው ነበር።

የዚህ ኮሌጅ በጀት ከወዴት ይመጣ ነበር? መልሱ ሁለት ነው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከገበሬው ደጅ ለምኖ ይበላል። መምህሩና መዘምራኑ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መሬት በሚያገኙት ጥቅም ይተዳደራሉ። ስለዚህ የትምህርቱ መሠረት የገበሬው ጎታና የደብሩ መሬት ነበሩ። ሁለቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተናጉ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎን ሕዝብ የፈጀው ረኀብ ጎታውን ባዶ አደረገ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ለጭሰኛው የዘመናት ሸክም ያወረደ ቢሆንም፣ የደብሩንም መሬት አብሮ ወሰደ። በ1977 ዓ.ም. ረኀቡ እጅግ ከፍቶ ተመለሰ።

ለራሱ የሚበላው ያጣ ገበሬ ለተማሪ የሚሰጠው አይኖረውም። በመጽሐፍ የሚሰጥ ትምህርት ለዓመታት ቢቋረጥ መጽሐፉ በሣጥን ውስጥ ይቆያል። በእጅ የሚሰጥ ትምህርት ሲቋረጥ ግን እጁ ያረጃል። በሃምሳ ዓመቱ ደቀ መዝሙር ያጣ መምህር፣ በሰባ ዓመቱ ተማሪ ቢመጣለት ከበሮውን በአንገቱ አንጠልጥሎ ጽፋቱን ለማሳየት ጕልበቱ ላይፈቅድለት ይችላል።

ድቤውና የሠርጉ ከበሮ

የምት ትምህርት በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ብቻ የተወሰነ አይደለም። በየጁ ምድር የሚገኘው ዳና በ19ኛው መቶ ዓመት ሼኽ አሕመድ ኢብን አደም ያስተማሩበት የታወቀ የእስልምና የትምህርት ማዕከል ነው። የወሎ መንዙማ ባደገባቸው በእንዲህ ያሉ ቦታዎች የነቢዩ ውዳሴ በድቤና በጭብጨባ ይታጀባል። መሪው ስንኙን ሲያወርድ ተቀባዩ ይመልሳል፤ ድቤ መቺውም ሁለቱን ያስተሳስራል። በዚህም ዘንድ ትምህርቱ የሚገኘው ከሚያውቀው ሰው ጎን በመቀመጥ ነው።

ሦስተኛው ዐይነት የሴቶች ትምህርት ነው። ሴቶች በማኅሌት ከበሮ አይመቱም፤ በሠርግና በዓመት በዓል ጨዋታ ግን ከበሮው በእጃቸው ነው። በነሐሴ ወር በቆቦ ሶለል፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ እየተባለ በሚከበረው በዓል ልጃገረዶች ከበሮ እየመቱ ይጫወታሉ። ታናሿ ከታላቋ አይታ ትይዛለች፤ ማስመስከር የለም፤ መምህርት ተብላ የምትጠራም የለችም። ስለዚህ ይህ ዕውቀት ከሦስቱ ሁሉ ሰፊው ሕዝብ የያዘው ሲሆን ያነሰ ክብር የተሰጠውም እርሱ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት

በአውሮፓ ስልት የተደራጀ የሙዚቃ ትምህርት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በሰልፍ ባንዶች በኩል ነው። ራስ ተፈሪ መኰንን በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወጣቶችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በዚህ ታሪክ ትልቅ ቦታ አላቸው። ከዚያ በኋላ በክብር ዘበኛና በሌሎችም የጦር ክፍሎች ባንዶች ብዙ ከበሮ መቺዎች ሠለጠኑ። በኋላም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተደራጀ፤ የመጀመሪያው ዲሬክተርም አሸናፊ ከበደ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ከጊዜ በኋላ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጠቃሏል። የሀገር ባህል መሣሪያዎችም ቦታ አግኝተውበታል፤ ስማቸው በይበልጥ የሚነሣው ግን ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ነው።

በዚሁ ዘመን የምት መሣሪያን በኮሌጅ ተምሮ ስሙን በዓለም ያስጠራው ኢትዮጵያዊ ሙላቱ አስታጥቄ ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. በጅማ የተወለደው ሙላቱ ወደ ብሪታንያ የተላከው ምሕንድስና እንዲማር ነበር። በዌልስ በሚገኝ ትምህርት ቤት ሳለ የሙዚቃ ተሰጥዎው ታወቀ፤ በለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ተማረ፤ ከዚያም በአሜሪካ ቦስተን በሚገኘው በርክሊ ቫይብራፎንንና ሌሎች የምት መሣሪያዎችን አጠና። በዚያ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ እርሱ ነበር። በርክሊን በ1945 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ሎውረንስ በርክ ራሳቸው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሕንፃ ምሕንድስና የተማሩ ሰው መሆናቸው ለሙያ ባልደረቦች ሳያስደስት አይቀርም። ከምሕንድስና የሸሸው ተማሪ በመሐንዲስ ቤት ተጠለለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የምዕራቡ ዓለም ኮሌጆችም ለምት መሣሪያ ሙሉ ክብር የሰጡት ከዘገዩ በኋላ ነው። ለረጅም ዘመን ከበሮ መቺ የኦርኬስትራው የኋላ ወንበር ሰው ነበር። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የምት መሣሪያዎችን የኅብረት አጨዋወት በነጥብ የሚያዝ ትምህርት ያደረገው በ1950 እ.ኤ.አ. በፖል ፕራይስ አማካይነት ነው። የአቋቋም ቤት ከበሮን ከከፍተኛ ትምህርት ክፍል ሲያደርገው ግን ከዚህ ቀን እጅግ ቀድሞ ነው።

የአንድ ለአንድ ትምህርት ዋጋ

በርክሊም ሆነ ደብረ ታቦር የሚስማሙበት ነገር ቢኖር የመሣሪያ ትምህርት አንድ ለአንድ መሰጠት እንዳለበት ነው። ይህ ደግሞ ውድ ነው። አንድ መምህር በሳምንት 20 ሰዓት ቢያስተምርና ለእያንዳንዱ ተማሪ 1 ሰዓት ቢሰጥ የሚይዘው 20 ተማሪ ብቻ ነው። ያው መምህር 60 ተማሪ ያላቸውን 4 ክፍሎች በአዳራሽ ለየክፍሉ 5 ሰዓት ቢያስተምር 240 ተማሪ ይደርሳል። ልዩነቱ 12 እጥፍ ነው። በጀት የሚመድብ ሰው ይህን ሲያይ የመሣሪያውን ትምህርት ለመቍረጥ ቢፈተን አይደንቅም።

የአቋቋም ቤት ይህን ችግር የፈታው በሁለት ዘዴ ነው። አንደኛው የገፋው ተማሪ ጀማሪውን ማስተማሩ ነው፤ መምህሩ ጊዜውን የሚያጠፋው ሌላው ሊያርመው በማይችለው ስሕተት ላይ ነው። ሁለተኛው ትምህርቱ በዓመት ሳይሆን በችሎታ መለካቱ ነው። ዘመናዊው ኮሌጅ ደግሞ በበኩሉ አቋቋም ቤት ያልነበረው ነገር አለው፤ ኖታ አለው፣ መቅረጸ ድምፅ አለው፣ ሴትና ወንድን በእኩል ይቀበላል፣ የአንዱን ወገን ምት ከሌላው ወገን ምት ጋር አስተያይቶ ለማጥናት አይከለከልም። ስለዚህ አንዱ ሌላውን የሚተካ አይደለም። ኖታው ምቱ መቼ እንደሚያርፍ ይጽፋል፤ እጁ በቆዳው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ግን የሚያርመው መምህሩ ብቻ ነው።

የወልድያ ዕድል

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ወልድያና መርሳ ደረሰ፤ አካባቢው እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ብዙ መከራ ተቀበለ። ሕንፃ ሲፈርስ የጉዳቱ መጠን በካሬ ሜትር ይለካል፤ ሲሚንቶና ብረት ሲገኝም ይጠገናል። ከቀዬው የተፈናቀለ መምህር፣ ትምህርቱን ያቋረጠ ደቀ መዝሙር ግን በዚህ መለኪያ አይገባም። ይህ ዐይነቱ ጉዳት የሚታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በአንድ የክብረ በዓል ሌሊት ወረቡን የሚያነሣ ተገኝቶ ከበሮውን በሥርዓቱ የሚይዝ ሲጠፋ ነው።

ወልድያ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ በመርሳም የግብርና ኮሌጅ አለ። አካባቢው የከፍተኛ ትምህርት ሕንፃ አላጣም። የሚያስፈልገው የነባሩን ትምህርት ሥርዓት ሳያፈርሱ ወደዚህ ማስጠጋት ነው። ለዚህም ሦስት ነገሮች ይበቃሉ። የአቋቋም መምህሩ፣ ድቤ መቺውና በሠርግ የታወቀችው ባለ ከበሮ በሙያቸው መምህር ተብለው፣ የሰዓታቸው ዋጋ ተከፍሏቸው፣ ጥቂት ተማሪዎችን አንድ በአንድ እንዲያስተምሩ ማድረግ አንደኛው ነው። ሁለተኛው፣ ድምፃቸው ብቻ ሳይሆን እጃቸው ከቅርብ እየታየ በምስል እንዲቀረጽ፣ ምቱም በኖታ እንዲጻፍ ማድረግ ነው። ሦስተኛው የተማሪውን ቀለብ መቻል ነው፤ ታሪኩ እንዳስተማረው ይህ ትምህርት የተናጋው ጎታው ባዶ በሆነ ጊዜ ነውና።

የመሐንዲሶች ማኅበርም በዚህ ሥራ የሚያደርገው አያጣም። የቆዳን ውጥረትና እርጥበት መለካት፣ የማኅሌት ቦታን የድምፅ ጠባይ ማጥናት፣ ለቀረጻ የሚሆን ክፍል መንደፍ የሙያው ድርሻ ነው። እነዚህ ሁሉ ግን ለመምህሩ አጋዥ እንጂ ምትክ አይሆኑም። መሣሪያ ቢበዛ መቅዳት፣ መለካትና ማስቀመጥ ይችላል። ተማሪው ሲሳሳት «ቆይ፤ እንደገና ከመረግዱ ጀምር» የሚለው ግን ከፊቱ የተቀመጠው መምህር ነው፤ እርሱ በሕይወት ሳለ ተማሪ ይቀመጥለት።